ሽያጩ የወረደው ዕቃው ስላለቀ ነበር
በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ የመረጃ ትንተና አቅም ስለመገንባት የግል ተሞክሮ

የምሠራበት ድርጅት ለሆቴሎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቢሮዎች የጽዳት ዕቃ የሚያከፋፍል ሲሆን የሠራተኞቹ ቁጥር ከሃምሳ አይበልጥም። እኔ የተቀጠርኩት በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ከሂሳቡ ጎን ለጎን «የመረጃ ሥራ» እየተባለ የሚጠራውን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ። ለዚህ የሚሆን የተለየ ትምህርት አልነበረኝም፤ ኃላፊነቱ የተሰጠኝ ኤክሴል ከሌሎቹ ትንሽ ስለምሻል ብቻ ነበር። በእኛ መጠን ባሉ ድርጅቶች ብዙ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባው በዚሁ በር ስለሚመስለኝ፣ ምን እንደሠራን፣ የት እንደተሳሳትንና ምን እንደጠቀመን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያደረግነው ዳሽቦርድ፣ ማለትም የድርጅቱን ቁጥሮች በግራፍ ሰብስቦ የሚያሳይ ገጽ፣ ማሠራት ነበር። ሥራ አስኪያጃችን በአንድ ስብሰባ ላይ የሌላ ድርጅት ዳሽቦርድ አይቶ ተመለሰና እኛም እንዲኖረን ፈለገ። ከውጭ ባለሙያዎች ቀጠርን፤ እነሱም በሁለት ወር ውስጥ ፓወር ቢአይ በተባለው የግራፍ መሥሪያ ፕሮግራም ሃያ ሁለት ግራፎች ያሉት፣ ለዓይን የሚያምር ሥራ አስረከቡን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ከፍቶ አየው። በአራተኛው ሳምንት የሚከፍተው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የምከፍተው መሥራት አለማቆሙን ለማረጋገጥ ነበር። በባለሙያዎቹ ላይ አልፈርድም፤ «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠይቀውን «ሁሉንም» ብለን የመለስነው እኛው ነን። ከሃያ ሁለቱ ግራፎች መካከል ግን አንዱም የግዢ ሠራተኛዋ ሰኞ ጠዋት የምታዘጋጀውን ማዘዣ ለመሙላት አይረዳም ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርነው ከጥያቄ ነው። ወደ እያንዳንዱ ክፍል እየሄድኩ «በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የምትወስኑት ነገር ምንድን ነው? ስትወስኑስ ምን ታያላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምን መረጃ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ እንደገና «ሁሉንም» የሚል መልስ አገኝ ነበር። በዚህ መንገድ ዘጠኝ ውሳኔዎችን መዘገብኩና ከመካከላቸው አንዱን ብቻ መረጥን፤ እሱም የትኛው ዕቃ በምን ያህል መጠን ይታዘዝ የሚለው ነበር። የመረጥነው በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ ሲሳሳቱበት ገንዘብ የሚያስወጣና ስህተቱ ብዙ ሳይቆይ የሚታይ ውሳኔ ስለሆነ ነው። በዓመት አንዴ የሚወሰን ጉዳይ ለመማሪያነት አይመችም፤ መሳሳትህን የምታውቀው ከዓመት በኋላ ነውና።

ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ የሚጠጉ የዕቃ ዓይነቶች ነበሩን። ሽያጫቸውን ከትልቁ ወደ ትንሹ ስንደረድረው፣ ከጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም ጋር የሚያያዘው የታወቀ ቅርጽ ወጣ፤ ጥቂት ዕቃዎች አብዛኛውን ገቢ ያመጣሉ፣ ብዙዎቹ ደግሞ መደርደሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚያ የአሥራ ሁለት ወር አካሄዳቸውን አይቼ ሽያጫቸው የወረደውን ሃያ ያህል ዕቃዎች ለየሁና ከግዢው ዝርዝር እንዲወጡ ሐሳብ አቀረብኩ። ሐሳቡ ከመጽደቁ በፊት ወረቀቱን ለመጋዘን ኃላፊው ያሳየኋቸው እውነቱን ለመናገር ለጨዋነት ያህል ነበር።

የመጋዘን ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚበልጡ፣ ኮምፒውተር የማይወዱ፣ ንግግርም የማያበዙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን በጣታቸው መስመር በመስመር እየወረዱ አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባለ አምስት ሊትር የወለል ማጽጃ ነበር።

«ይሄን ልታስቀሩት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ሦስት ወር ሙሉ ሽያጩ እየወረደ ነው።»

«ሽያጩማ ይወርዳል እንጂ! ዕቃው መቼ ነበረና ነው የሚሸጠው?» አሉና ከመሳቢያቸው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ።

በደብተሩ ውስጥ ዕቃው ያለቀበትና እንደገና የገባበት ቀን ተጽፏል። ከጎኑ ደግሞ ጠይቆ ያጣው ደንበኛ ሁሉ በአጭር የእርሳስ ጭረት ተመዝግቧል፤ አምስት ሲሞላ በአግድም ይሰረዛል። ማንም አላዘዛቸውም፤ «ለምን አላመጣችሁም ስትሉኝ የማሳየው እንዲኖረኝ ነው» አሉኝ። በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ያ ማጽጃ ከመደርደሪያው የጠፋባቸውን ቀናት አብረን ስንቆጥር አርባ አንድ ሆኑ። እኔ በኮምፒውተር ያየሁት ተፈላጊነቱ የቀነሰ ዕቃ ነበር፤ በደብተሩ ላይ ያለው ግን አስቀድመን ማዘዝ አቅቶን በተደጋጋሚ ያለቀብን ዕቃ ነው። ሐሳቤ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ደንበኞች እየለመኑት ያለውን ዕቃ በገዛ እጃችን እናስቀረው ነበር።

ይህ ነገር ለእኔ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ትምህርት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሽያጭ መዝገብ የሚነግረን የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። ዕቃው በሌለበት ቀን ፍላጎቱ ቢኖርም በመዝገቡ ላይ የሚታየው ዜሮ ነው፤ ያም ዜሮ ፈላጊ ከጠፋበት ቀን ዜሮ በምንም አይለይም። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በየቀኑ በመጋዘን መኖር አለመኖሩን መዝግቦ፣ የወሩን ሽያጭ ለወሩ ቀናት ሳይሆን ዕቃው ለነበረባቸው ቀናት ማካፈል ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ስልሳ ፍሬ የተሸጠ ዕቃ በቀን ሁለት የሚሸጥ ይመስላል፤ ዕቃው የነበረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ግን የቀን ሽያጩ አምስት ነው፤ ማዘዣውም በዚያው ልክ ይለወጣል።

ይህም ቢሆን የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ዕቃው የነበረባቸው ቀናት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ማዘዝ ቁማር ነው። ዕቃው ጠፍቶ በቆየ ማግሥት ደግሞ ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚገዙ ስሌቱ ከልክ በላይ ከፍ ይላል። ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር፤ ማጽጃው ሲጠፋ ደንበኞች ባለ አንድ ሊትሩን ይወስዱ ስለነበር፣ እሱ በእኔ ዝርዝር ላይ «እያደገ ያለ ዕቃ» ተብሎ በአረንጓዴ ቀለም ተቀምጦ ነበር። አንዱን ልናስቀር፣ ሌላውን ደግሞ አብዝተን ልናዝዝ ነበር፤ የሁለቱም ምክንያት ያው ባዶ መደርደሪያ ነው።

ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ስናዛውረው የሠራሁት የመጀመሪያ ቅጽ አሥራ አንድ ዓምዶች ነበሩት፤ ማንም አልሞላውም። የመጋዘን ኃላፊው «ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይሄን ሁሉ ልጽፍ ነው?» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። አሁን ያለው ቅጽ ቀኑን፣ የዕቃውን መለያ፣ የተጠየቀውን መጠንና ደንበኛው ያደረገውን፣ ማለትም ጠበቀ፣ ሌላ ወሰደ ወይም ሄደ የሚለውን ብቻ ይይዛል። ረዳታቸው በአሥር ሰከንድ ይሞላዋል።

ቀጥሎ የተጋጨነው በቃላት ትርጉም ላይ ነው። በወር መጨረሻ የሽያጭ ክፍሉ፣ የሂሳብ ክፍሉና መጋዘኑ ለአንድ ወር ሽያጭ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያቀርቡ ነበር፤ ስብሰባውም የማን ቁጥር ትክክል እንደሆነ በመከራከር ያልቃል። ቀረብ ብለን ስናየው ሁሉም ትክክል ነበሩ። ለሽያጭ ክፍሉ «ሽያጭ» ማለት የታዘዘው ነው፤ ለመጋዘኑ የወጣው፤ ለሂሳቡ ደግሞ ደረሰኝ የተቆረጠለት። የተመለሰ ዕቃም በአንዱ ተቀንሷል፣ በሌላው አልተቀነሰም። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን የአሥራ አንድ ቃላት ትርጉም በአንድ ገጽ ጻፍን፤ «ሽያጭ» የሚለውን ቃል ብቻውን መጠቀም ትተን «የታዘዘ»፣ «የወጣ» እና «ደረሰኝ የተቆረጠለት» ማለት ጀመርን። ከሁሉም ሥራችን ትንሹን ወጪ ያስወጣ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀረ ይህ አንድ ገጽ ነው።

የመረጃ ማጽዳት ሥራ አሰልቺ መሆኑን ሁሉም ይናገራል፤ በአማርኛ ለሚመዘግብ ድርጅት ግን ተጨማሪ ችግር አለው። በስሙ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል ያለበት አንድ ደንበኛችን «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሀይ» እና «ፀሃይ» ተብሎ በአምስት ዓይነት ተመዝግቦ አገኘሁት። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው አምስት ሰው ነው። በዚህ ምክንያት «ከእኛ ጋር መሥራት ያቆሙ ደንበኞች» በሚለው ሪፖርታችን ላይ በሌላ ፊደል ተጽፈው እየገዙ ያሉ ሰዎች ይገኙ ነበር፤ ለአንዳንዶቹም «ለምን ተለያችሁን?» ብለን ደውለናል! መውጫው ሁለት ነገር ነበር። ለዘለቄታው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሰጠን። ለቀድሞው መዝገብ ደግሞ የስሙን ዓምድ ሳንነካ ከጎኑ ረዳት ዓምድ ከፍተን፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ቀየርን፤ እንደ ሃ እና ኃ ያሉትን ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትም ወደ አንድ ሰበሰብን፤ ትርፍ ክፍት ቦታዎችን አስወገድንና በእሱ አመሳሰልን። ረዳት ዓምዱ ለማመሳሰል ብቻ ነው፤ የሰውን ስም እሱ ከሚጽፈው ውጭ ደረሰኝ ላይ ማውጣት ነውር ነው።

ኤክሴልም በራሱ ፈቃድ የሚሠራቸው ነገሮች አሉት። በዜሮ የሚጀምር የዕቃ መለያ ሲገባ ዜሮውን ይጥላል፤ የወር ስም የሚመስል መለያ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ቀን ይቀይረዋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የሰው ዘረመሎችን ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ኤክሴል ወደ ቀን ይለውጣቸው የነበሩ የዘረመል ስሞችን ራሳቸውን መቀየሩን አሳውቋል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ከዕለታዊው ቁጥር ሳይደመሩ ቀርተዋል፤ ምክንያቱም የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይይዝ ነበር። አዲሱ 1,048,576 መስመር ይይዛል። እኛ ከዚህ የተማርነው ፋይል ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር የመስመሮቹን ብዛትና የአንድ ዓምድ ድምርን በሁለቱም በኩል ማወዳደርን ነው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ጊዜ አድኖናል።

ስለ መሣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። «ኤክሴል 2016» ከተባለው እትም ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ፓወር ኩዌሪ፣ በየወሩ በእጅ የምንደጋግመውን የማጽዳት ሥራ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በአንድ ጠቅታ እንዲደገም ያደርጋል፤ ከእሱና ረጅም ዝርዝርን በየዓይነቱ ደምሮ ከሚያሳየው የኤክሴል ፒቮት ቴብል ውጭ ለሁለት ዓመት ምንም አላስፈለገንም። ወደ ዳታቤዝ የሄድነው ሁለት ሰዎች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ መሙላት ሲያስፈልጋቸውና አንዱ የሌላውን ሥራ ማጥፋት ሲጀምር ነው።

ከስሌቶች ሁሉ ለእኛ የጠቀሙን ሁለት ተራ የሚባሉ ናቸው። አንደኛው መካከለኛው ቁጥር (ሚዲያን) ነው። ለደንበኞች «ዕቃው በአማካይ በስድስት ቀን ይደርሳል» እንል ነበር። የአሥር ትዕዛዞችን ቀናት ብንወስድ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5 እና 31 ይሆናሉ፤ አማካዩ በእርግጥ ስድስት ነው፤ ነገር ግን ከአሥሩ ደንበኞች አንዱም በስድስት ቀን አልተረከበም። በተርታ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ሦስት ነው። ለደንበኛ የሚነገረው ሦስቱ ነው፤ የሚመረመረው ደግሞ ሠላሳ አንዱ።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 በስልክ መሣሪያ ማምረቻ ውስጥ ያቀረበው የቁጥጥር ሰንጠረዥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን የሳምንቱ ትዕዛዝ በወረደ ቁጥር ምክንያት ይጠይቃል፤ የሽያጭ ሠራተኞቹም በየሳምንቱ ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ምክንያት ደግሞ ሲፈልጉት አይጠፋም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የሳምንቶቹን አማካይ መውሰድ፤ በተከታታይ ሳምንታት መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ምልክቱን ትቶ አማካዩን ማውጣት፤ ያንን በ2.66 አባዝቶ ከመጀመሪያው አማካይ ላይ መደመርና መቀነስ። አማካዩ 180 ትዕዛዝ፣ የልዩነቱ አማካይ 15 ቢሆን፣ ወሰኑ ከ140 እስከ 220 ገደማ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር የተለመደ መዋዠቅ ስለሆነ ማብራሪያ አይጠየቅበትም፤ ከወሰኑ ሲወጣ ግን ያን ቀኑን ምክንያቱ ይፈለጋል። ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን አራት ወር ፈጅቶብኛል። ካመነ በኋላ ግን የሰኞው ስብሰባ በግማሽ አጠረ።

አንድ የሠራነውን ጥፋት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ቁጥሮቻችን ሲስተካከሉ ሠራተኞችን በእነሱ መመዘን አማረን፤ ለሽያጭ ሠራተኞች ማበረታቻ በሚያመጡት የትዕዛዝ ብዛት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ስሌቱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ወር የትዕዛዝ ብዛት አሻቀበ፤ ገቢው ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱን ትዕዛዝ ሦስት ቦታ እየከፋፈሉ ይመዘግቡ ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ እንደተናገረው፣ አንድ መለኪያ መቆጣጠሪያ ሲደረግ የቀድሞ ትርጉሙን ያጣል። ማበረታቻውን መተው ቀላል ነበር፤ የሁለቱ ወራት የትዕዛዝ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ በመዝገባችን ላይ የማይታመን ሆኖ ቀርቷል።

አቅም መገንባት ሲባል አንድ ጎበዝ ሰው መቅጠር መስሎን የተጎዳንበትም ጊዜ አለ። ማክሮ፣ ማለትም ኤክሴል ሥራን በራሱ እንዲሠራ የሚያዝ አጭር ፕሮግራም፣ በመጻፍ የተካነ ወጣት ቀጥረን ነበር፤ ሪፖርቱን ሁሉ አቀላጠፈው፤ በዓመቱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በወሩ መጨረሻ ፋይሉ ስህተት አሳይቶ ቆመ፤ ውስጡን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርቱን በእጅ ለመሥራት ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሪፖርት ሁለት ሰዎች ያውቁታል፤ በየሦስት ወሩም ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ሳይረዳው ብቻውን ይሠራዋል። የሚጎድለው ማብራሪያ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው። በተጨማሪ ሐሙስ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ተኩል እንገናኛለን፤ የምንማረው ከመማሪያ ምሳሌ ሳይሆን ከራሳችን ፋይል ነው፤ በአንድ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ እንይዛለን። ማጣሪያና ፒቮት ቴብል በሦስት ሳምንት ይለመዳል። ጊዜ የወሰደው «ይህን ቁጥር ማን አስገባው? መቼ? ያልተመዘገበውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን መልመድ ነበር፤ በዚህ ደግሞ ኮምፒውተር የማይነኩት የመጋዘን ኃላፊ ከሁላችንም ይበልጣሉ።

የደንበኞችን ስልክና አድራሻ በተመለከተ ያለን ሕግ አጭር ነው፤ ለትንተና በሚዞር ፋይል ውስጥ ከመለያ ቁጥር በስተቀር አይገባም።

በአሁኑ ጊዜ እየሠራን ያለነው ዕቃ ለምን እንደሚመለስ በማወቅ ላይ ነው። ሾፌሮቹ ምክንያቱን ከስድስት ምርጫዎች እንዲመርጡ አድርገን ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ግማሽ ያህሉ የመረጡት የመጨረሻውን፣ «ሌላ» የሚለውን ነው። ምርጫውን ከማጥፋት ይልቅ ከጎኑ የጻፏቸውን ማስታወሻዎች አንድ በአንድ አነበብኩ። ብዙዎቹ የአንድ ነገር ልዩ ልዩ አገላለጽ ነበሩ፤ ደንበኛው «አንድ» ሲል ካርቶን ማለቱ ነው፣ ትዕዛዝ ተቀባዩ ደግሞ አንድ ፍሬ ብሎ ጽፏል፤ አንዳንዴም በተቃራኒው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የትዕዛዝ ቅጹ «በፍሬ» ወይም «በካርቶን» ካልተመረጠ አያሳልፍም። የመጋዘን ኃላፊው ይህን ስነግራቸው «በስልክ የሚያዙትስ?» አሉኝ፤ ለእነሱ ገና መልስ አላገኘሁም።